ገንዘብ የማይነካው መነኩሴ በሳንቲም ላይ

የሕንድ መንግሥት በ2013 የአንድ ጃይን መነኩሴ መቶኛ የልደት ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን ባለ አምስት ሩፒ ሳንቲም አስመታ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ምስል የአቻርያ ቱልሲ ነው። መታሰብ ደግ ነው፤ ክፋት የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰውዬው ከአሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ገንዘብ የሚባል ነገር የእኔ ብለው አልያዙም። ለጃይን መነኩሴ ይሄ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ መሐላው ነው። እና አገር ሊያከብራቸው ሲነሳ ከዕቃ ሁሉ መርጦ ሳንቲም ላይ አተማቸው።

መጀመሪያ ሳይ ሳቅኩ። ቆይቶ ሳቁ ወደ ንዴት ተለወጠ። ምክንያቱም ይህ ስህተት የአንድ መሥሪያ ቤት ግድየለሽነት ብቻ አይመስለኝም። ቅዱስ የምንላቸውን ሰዎች ሁላችንም የምናደርጋቸው እንዲህ ነው። የጠየቁንን ነገር ማድረግ ሲከብደን ፊታቸውን አንድ ቦታ እንሰቅላለን። ማድነቅ ከመታዘዝ ማምለጫ ይሆነናል። ቱልሲ ደግሞ እንዲደነቁ አልጠየቁም፤ የጠየቁት በጣም ትንሽ ነገር ነበር። ትንሽ በመሆኑም ነው ማንም ሊፈጽመው ያልወደደው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃይን መነኩሴ ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከስልካችን ነው። ነጭ የለበሰ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ አፉ ላይ ጨርቅ ያሰረ፣ በእጁ ለስላሳ መጥረጊያ የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ያልፋል። «ጉንዳን እንዳይረግጥ መንገዱን ይጠርጋል» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ። ግማሹ ተመልካች «ይሄ ነው ጽድቅ!» ይላል፤ ግማሹ «እብደት ነው» ብሎ ይስቃል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርኩ። ሼር አድርጌ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አለፍኩ። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረን ሥርዓት አድንቄ ጨረስኩ፤ ከኪሴም፣ ከጠባዬም፣ ከሥራዬም ምንም አልተነካም። የሚስቀውና የሚያደንቀው ሰው እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱም ነገሩን እንደ ትርኢት አይተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ቪዲዮው አልዋሸም። የጃይን መነኩሴ አምስት ታላላቅ መሐላዎች አሉት፤ ማሃቭራታ ይባላሉ። አይገድልም፣ አይዋሽም፣ አይሰርቅም፣ በድንግልና ይኖራል፣ ንብረት አይኖረውም። አለመግደል ሲባል ሰውንና ከብትን ብቻ አይደለም፤ ጉንዳኗንም፣ ትንኟንም፣ በዓይን የማይታየውንም ፍጥረት ይጨምራል። ተሽከርካሪ አይሳፈርም፤ ምግብ አያበስልም። ከብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት እየተቀበለ ይበላል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይቀምስም። ፀጉሩን በምላጭ ሳይሆን በእጁ ይነቅላል። በዝናቡ ወራት፣ መሬቱ በነፍሳት ሲሞላ፣ መንገዱን አቁሞ አራት ወር አንድ ቦታ ይቀመጣል።

ቱልሲ በ1914 ላድኑን በምትባል የራጃስታን ከተማ ተወለዱ። በ1925፣ በአሥራ አንድ ዓመታቸው፣ ቴራፓንት በሚባለው የጃይን ክፍል መነኮሱ። ይህ ክፍል የተመሠረተው በ1760 ነው፤ መሥራቹ አቻርያ ቢክሹ መነኮሳቱ ተመቻችተዋል፣ ሥርዓቱን ለቀዋል ብሎ ከመምህሩ ተለይቶ የወጣ ሰው ነበር። ቢክሹ የሠራው ሕግ ጥብቅ ነው፦ አንድ አቻርያ፣ አንድ ሥርዓት፣ አንድ ቃል። መነኮሳትና መነኮሳይያት በሙሉ የእሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ ማንም ለራሱ ተከታይ አያፈራም። አቻርያው ተተኪውን ራሱ ይሰይማል። በ1936 ስምንተኛው አቻርያ ካሉጋኒ ሊሞቱ ሲሉ የሰየሙት ቱልሲን ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የአባታቸው እኩያ የሆኑ መነኮሳት ሳይቀሩ በአንድ ጀምበር በሥራቸው ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህን መነኮሳት የሚያበላቸው ማን ነው? የቴራፓንት ምእመን በአብዛኛው ነጋዴ ነው። ከራጃስታን በረሃ ወጥቶ ካልካታ ድረስ ሄዶ ሱቅ የከፈተ፣ ጨርቅና ጁት የነገደ፣ ያበደረ፣ የከበረ ማኅበረሰብ። ብልህ፣ ቆጣቢ፣ ሃይማኖተኛ። ሥጋ በአፉ አይዞርም፤ ይጾማል፤ መነኩሴ ደጁ ሲመጣ በደስታ ያበላል።

እዚህ ጋ ነው የሚያናድደኝ ዝግጅት ያለው፤ የጃይኖች ብቻም አይደለም፣ የትም አለ። መነኩሴው ይጸድቃል፣ ነጋዴው ያበላል። መነኩሴው ጉንዳን ሳይረግጥ ይመጣል፤ ነጋዴው ሚዛኑን አጉድሎ ባገኘው ገንዘብ የገዛውን እንጀራ ያቀርብለታል። መነኩሴው ንጹሕ ሆኖ ስለሚኖር ነጋዴው ንጹሕ ሰው የሚያበላ ሰው ይሆናል፤ በዚያም ይበቃዋል። ቅድስናው በውክልና ነው። የሌላው ሰው ምናኔ በጠነከረ ቁጥር የእኔ ሱቅ የሚጠይቀው ጥያቄ ይቀንሳል።

የቴራፓንት ትምህርት ራሱ ለዚህ መንገድ ከፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ቢክሹ ዓለማዊ ግዴታንና መንፈሳዊ ተግባርን በጥብቅ ለይቷል። ለተራበ ማብላት፣ ለተቸገረ መድረስ መልካም ማኅበራዊ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ነፍስን ከእስራት የሚፈታው ግን ራስን መግታት ነው፣ ሁለቱ አይደባለቁ አለ። በአስተሳሰብ ደረጃ ጥርት ያለ ነገር ነው። ሌሎቹ ጃይኖች ግን «እነዚህ ሰዎች ርኅራኄ የላቸውም» ብለው ከሰሷቸው። ክሱ ፍትሐዊ ነው አይደለም ብዬ እዚህ አልከራከርም። የምለው ይህን ነው፦ ቱልሲ የወረሱት ከዓለም ጣጣ ራሱን በመለየት የሚታወቅ ክፍል ነበር። ሕይወታቸውን በሙሉ ተከብረው፣ ጉንዳን ሳይረግጡ፣ የማንንም ሚዛን ሳይነኩ መኖር ይችሉ ነበር። ማንም አይቀየማቸውም ነበር።

በ1949 ሳርዳርሻሃር በምትባለው የራጃስታን ከተማ ሌላ ነገር ጀመሩ። ሕንድ ነጻ ከወጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። አገሪቱ ተከፍላ ደም ፈስሷል፤ እህል በራሽን ነው፤ ጥቁር ገበያው ደርቷል፤ ዘይቱም ቅቤውም ባዕድ ነገር ይቀየጥበታል። ከዚህ ገበያ ከሚጠቀሙት መሀል የእሳቸው ምእመናን አልነበሩም ብሎ የሚምል ያለ አይመስለኝም። ቱልሲ ለእነዚህ ሰዎች «መንኑ» አላሏቸውም። «አኑቭራት ግቡ» አሏቸው። አኑ ማለት ትንሽ፣ ቭራት ማለት መሐላ ነው። ስእለት ብዬ ያልተረጎምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስእለት «ይህን ካደረግህልኝ ይህን አደርጋለሁ» የሚል ነው። ይህኛው ቅድመ ሁኔታ የለውም።

ትንሹ መሐላ የቱልሲ ፈጠራ አይደለም፤ ምእመናን የሚገቡት መሐላ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ በጃይኖች ዘንድ ነበር። እሳቸው ያደረጉት ከቤተ ጸሎት አውጥተው ገበያ መሀል ማስቀመጥ ነው። ዝርዝሩን ስታዩት ሰማያዊ ነገር የለበትም። ንጹሕ ፍጥረት ሆን ብዬ አልገድልም። ሰውን የማይነካ ብዬ አልጸየፍም። ንግዴ ላይ አላጭበረብርም። ምርጫ ላይ የተከለከለ ነገር አልሠራም። የሚያሰክር ነገር አልወስድም። ለያንዳንዱ ሥራ ደግሞ የራሱ ተጨማሪ አለው፦ ነጋዴው ሚዛን አያጎድልም፣ ዕቃ አይቀይጥም፤ የመንግሥት ሠራተኛው ጉቦ አይበላም፤ ተማሪው ፈተና ላይ አይኮርጅም።

ኩረጃ! ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሃይማኖት፣ ስለ ነፍስ ዑደትና ስለ ዓለማት ብዛት የሚያስተምር ሥርዓት፣ መሪው ቆሞ «ፈተና ላይ አትኮርጅ» ይላል። ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔ ግን የዚያ ሰውዬ ድፍረት እዚህ ላይ ይታየኛል። ስለ ዓለም ሰላም ቢናገሩ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። ስለ ሚዛን ሲናገሩ ግን ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው፣ ትናንት ያበላቸው ሰው፣ ዓይኑን መስበር አለበት።

አኑ የሚለው ቃል በሂንዲ አቶምም ማለት ነው። ሂሮሺማ ከጋየች አራት ዓመቷ ነበር። ቱልሲ ይህንን አላለፉትም፤ የአቶም ቦምቡን በአቶም መሐላ የመመለስ ነገር አደረጉት። በ1950 ደልሂ ላይ በተደረገው ጉባኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቆመው መሐላውን ገቡ፤ ነጋዴዎችም ነበሩባቸው፤ የአሜሪካው ታይም መጽሔት ሳይቀር ጻፈበት። መሐላውን ለመግባት ጃይን መሆን አያስፈልግም ነበር። ሂንዱም፣ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ምንም የማያምነውም በነበረበት እንዳለ ይገባል። ማንም ሃይማኖቱን እንዲቀይር አልተጠየቀም። የተጠየቀው ሚዛኑን እንዲያስተካክል ብቻ ነው።

የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ፤ የእኛ ትውልድ መልስ ነው። «ችግሩ ሥርዓቱ ነው እንጂ የግለሰብ ጠባይ አይደለም። አንድ ነጋዴ ሚዛኑን ቢያስተካክል ጥቁር ገበያው ይጠፋል? ሕግ ነው የሚያስፈልገው።» ግማሹ እውነት ነው። መሐላ ፖሊስ የለውም። የገባው ሁሉ ጠብቆታል ብዬ አልምልም፤ ሕንድ ውስጥ ጉቦና ቅየጣ በቱልሲ መሐላ እንዳልጠፉ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ግን ሌላውን ግማሽ ንገሩኝ፦ ሕጉን የሚያስፈጽመው ማን ነው? ተቆጣጣሪው ጉቦ አልበላም ካላለ ሕጉ የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው ያለው። «ሥርዓቱ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙዎቻችን አፍ ላይ ትንታኔ መሆኑ ቀርቶ ምሕረት ሆኗል። ነጋዴው በመነኩሴው ቅድስና እንደሚሸሸግ እኛ በሥርዓቱ ክፋት እንሸሸጋለን። ስለ ሙስና ረጅም ጽሑፍ የጻፈ ጓደኛ አለኝ፤ መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣ ግን አይነገርም።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል፤ አልሸሸውም። ቱልሲ ራሳቸው በልጅነታቸው የመነኮሱ ናቸው፤ ልጆችንም አመንኩሰዋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዕድሜውን በሙሉ ላያገባ፣ ላይወልድ፣ ተሽከርካሪ ላይሳፈር፣ የራሱ ነገር ላይኖረው ይምላል፤ ምን እንደተወ ሳያውቅ ይተዋል። በ1950ዎቹ ቦምቤይ ላይ የልጆችን ምንኩስና የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። የመነኮሳቱ ወገን ክርክር «መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ብቃት ነው» የሚል ነበር። ይህ ክርክር አያሳምነኝም። ብቃቱን የሚመዝነው ልጁን የሚፈልገው ወገን ነው። የነጋዴውን ሚዛን የመረመሩ ሰው የራሳቸውን ቤት ሚዛን በዚያው ዓይን አላዩትም። ይህንን ሳይናገር ቱልሲን የሚያወድስ ሰው ሳንቲሙን ካስመቱት አይሻልም።

ታዲያ ለምን እከራከርላቸዋለሁ? ይህን ድክመታቸውን የምንለካበትን ሜትር ራሳቸው ስላቀበሉን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በእጃቸው የነበረውን ሥልጣን ምን እንዳደረጉበት ተመልከቱ። በቴራፓንት አቻርያ ማለት የመጨረሻ ቃል ነው፤ ምንም ሳይነኩ መኖር መብታቸው ነበር። እሳቸው ግን ለምእመናኑ ሴቶች ፊት መሸፈን ይቅር፣ የጥሎሽ ክፍያ ይቅር፣ ባሏ የሞተባትን ሴት እንደ እርግማን ማየት ይቅር ብለው ወግ አጥባቂውን ቤተሰብ አስቆጡ። መነኮሳይያቱ እንዲማሩ አደረጉ፤ በዚህ ክፍል ከወንዶቹ የሚበዙት ሴቶቹ መሆናቸውን አትርሱ። በ1980 ደግሞ ሳማን የሚባል አዲስ መዓርግ አቋቋሙ፤ በምእመኑና በመነኩሴው መካከል ያለ፣ ተሽከርካሪ መሳፈር የሚፈቀድለት፣ ውጭ አገር ሄዶ ማስተማር የሚችል። መጀመሪያ የገቡበት ወጣት ሴቶች ናቸው። «ሥርዓት አፈረሱ» ያሏቸው ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ግን ያንን ምቾት አልነኩትም። ከራጃስታን እስከ ካልካታ፣ እስከ ደቡቡ ጫፍ እስከ ካንያኩማሪ፣ በእግራቸው ሄዱ። ለሌላው ያላሉትን ለራሳቸው አጥብቀው፣ ለራሳቸው ያልፈቀዱትን ለሌላው ፈቀዱ። ከመሪ የምናውቀው በአብዛኛው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን 1994 ነው። የቴራፓንት አቻርያ እስኪሞት አቻርያ ነው፤ ከሥልጣን መውረድ የሚባል ልማድ የለም። ቱልሲ ሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ ከመሩ በኋላ፣ ሱጃንጋር ላይ በሕዝብ ፊት፣ መዓርጉን ለማሃፕራግያ አስረከቡ። አልታመሙም ወይም አልተገፉም ነበር። ማሃፕራግያን ገና በልጅነቱ ተቀብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን እሱ መሪ፣ እሳቸው ከመሪነት የወረዱ መነኩሴ ሆኑ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖረው በ1997 ጋንጋሻሃር ላይ አረፉ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ቋንቋ እየተናገርኩ ስላደግኩ ነው መሰል ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አምስተኛው መሐላ፣ ንብረት አለመያዝ፣ መዓርግንም እንደሚጨምር የገባቸው ይመስለኛል። ጉንዳኑን አለመርገጥ ከልጅነታቸው የለመዱት ነገር ነው፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሃምሳ ስምንት ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር መልቀቅ ግን በልማድ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ዛሬ ውርሳቸው ተብሎ የሚዘረዘረው ብዙ ነው። በተወለዱበት ላድኑን በ1970 የተመሠረተው ጃይን ቪሽቫ ባራቲ አለ፤ ከእሱ የወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በ1991 ዕውቅና ያገኘ ተቋም አለ። ቴምብር ወጥቶላቸዋል። ሳንቲሙም አለ። እነዚህን አልንቅም። ነገር ግን ሁሉም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ ማንም ሰው ሚዛኑን ሳያስተካክል ሊያከብራቸው ይችላል። አጭበርባሪ ነጋዴ ዩኒቨርሲቲው ላይ ስሙ የተጻፈበት ክፍል ሊያሠራ ይችላል። ጉቦኛ ሹም መታሰቢያቸው ላይ አበባ ሊያኖር ይችላል። ያ አምስት ሩፒ ሳንቲም ራሱ በጎደለ ሚዛን ለተሸጠ ስኳር መልስ ሆኖ ሊሰጥ ይችላል። ውርሱ መሐላው ነው፤ መሐላው ደግሞ ሙዚየም አይገባም። ወይ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ይጠብቀዋል፣ ወይ የለም።

ስለዚህ ጃይን መነኩሴ መንገድ ሲጠርግ የሚያሳየውን ቪዲዮ ማየት አቁሙ አልልም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንድ ትንሽ ነገር ለራሳችሁ ማሉ፤ ከሥራችሁ ጋር የተያያዘ፣ ስትጥሱት የሚታወቃችሁ። ምእመናኑን የጠየቁት ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

እኔ ይህንን ጽሑፍ ስጀምር አንዱን ገባሁ፦ «ያላነበብኩትን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ አልልም።» ጸሐፊ ነኝ፤ የእኔ ሚዛን ይሄ ነው። ከጉንዳን መጥረግ ይቀላል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማኪያቶ እየጠጣን ጓደኛዬ ስለ አንድ ልብ ወለድ ጠየቀችኝ፤ «አዎ፣ አሪፍ ነው» አልኩ። ሽፋኑን ብቻ ነው የማውቀው። በዚያው ምሽት ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀችብኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔም እኮ አላነበብኩትም» አለች።